በማክዳ ክንድ ላይ የሄደችው ጥንዚዛ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከሰ. 8፡00

የዣንጥላው ሁለት ዘንግ ተሰበረ። የባለቤቴ የሰላም ዣንጥላ። ስትመለስ ምን ብዬ እንደማስረዳት እንጃ። ግን ሌላ ዘዴ የለም፤ ዣንጥላውን ገልብጠህ ከቁጥቋጦው ሥር ትይዛለህ፣ ቅርንጫፉን ትነቀንቃለህ፣ የሚወርደውን ትቆጥራለህ። የዛሬው፦ አረንጓዴ ፌንጣ 1፣ አባጨጓሬ 3፣ ሸረሪት 2፣ ስሙን የማላውቀው ጥንዚዛ 1። ነፍሳት ለማየት የመጡ የጊቢው ልጆች 5! ያለፈው ቅዳሜ ሦስት ነበሩ። እየበዙ ነው፣ ደብተሬ።

የሦስተኛ ፎቁ ብራያን (ዐሥር ዓመቱ) ሸረሪት ከነፍሳት አይቆጠርም፣ እግሩ ስምንት ነው አለ። ልጄ ሊያ የለም፣ ስድስት ነው አለች። ጭቅጭቅ። እኔ አልፈረድኩም። ማጉያ መነፅሩን ሰጠኋቸው፣ ቆጠሩ። ስምንት። ሊያ እስከ ምሳ አኮረፈች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መሸነፍ አትወድም።

ከዚያ ማክዳ። የወ/ሮ አልማዝ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ። ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ እናቲቱ ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት አላት። ማክዳ የማትፈራው ነገር የለም። ቢራቢሮ ሲያልፍ እንኳ ከሠራተኛቸው ከዋንጂሩ ቀሚስ ሥር ትገባለች። ዛሬ እዚያው ቀሚስ ሥር ሆና ጉንዳን ይተኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ወደ ናይሮቢ ሳልመጣ አዲስ አበባ፣ ሰብል ጥበቃ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ለካ የማውቀው የሞተውን ነው። በመርፌ የተሰካውን፣ ስሙ በትንሽ ካርድ የተጻፈለትን። ጉንዳን ይተኛ አይተኛ አንድም ቀን አላሰብኩትም። አላውቅም አልኳት። ሳቀች። ትልቅ ሰው አላውቅም ሲል ሰምታ የማታውቅ ይመስለኛል። ከዚያ ሁላችንም ሣሩ ላይ በሆዳችን ተኝተን የጉንዳን ጉድጓድ ስናይ ቆየን። ሲተኛ አላየንም። ብራያን በመካከላችን የተኛው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቲቸር ነው አለ። እኔን ነው። ትንሽ አሸልቤ ነበር።

ደስ ብሎኛል። እስከ ነገ ይቆይ እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ጠ. 4፡30

ዝናብ። ሦስተኛ ቀኑ። ሳሎን፣ ኩሽና፣ በረንዳ፣ ሳሎን። ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ሰላም ለመ/ቤቷ ሥራ ሰሜን ኬንያ፣ ቱርካና ሄዳለች፤ ደወለች፣ ዐሥር ቀን ተጨመረ። ሊያ ት/ቤት። እኔ የሚስቴ ጥገኛ የሚል የመኖሪያ ፈቃድ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ መቀጠር አልችልም። ሦስት ዓመት ሆነኝ። በሰፈራችን በኪሊማኒ ያልረገጥኩት የእግር መንገድ የለም።

ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው? አራት። እንደ ልጅ እየቆጠርኩ ነው።

ወደ ጊቢው ወረድኩ። ምዜ ካማው የውሃ መውረጃውን ይጠርጋሉ። የጊቢያችን ጠባቂና አትክልተኛ ናቸው፤ ምዜ ማለት ሽማግሌ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አሳዩኝ፤ ቀይና ጥቁር። በስዋሂሊ ብዙ ነገሩኝ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል። አንገታቸውን ነካ አደረጉ፣ ዓይናቸውንም። እኔ ዝናብ ከሚለው ቃል በቀር የያዝኩት የለም። ሳዋ፣ ሳዋ አልኳቸው፤ እሺ እንደማለት። ሁልጊዜም የምለው ይህንኑ ነው። ሦስት ዓመት ኖሮ አልገባኝም ማለት ያሳፍራል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ከሰ. 7፡00

ምን ያለ ቀን ነው!

ዝናቡ ጠዋት አባራ። ስድስት ልጆች። ሕጋችንን ደገምን፦ አትግደል፣ አትጩህ፣ ካልነካኸው አይነካህም። ያቺ ቀይና ጥቁር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስትሮጥ ተገኘች። ዶቃ ያሰረች ጉንዳን ትመስላለች። በማጉያ አየናት፤ ክንፏ አጭር፣ ጀርባዋን በወጉ የማይሸፍን። ጉንዳን ሳትሆን ጥንዚዛ! ዘመዶቿን ከቤተ ሙከራው አውቃቸዋለሁ፤ ሰብል የሚያጠፉትን እየለቀሙ ይበላሉ። የገበሬ ወዳጅ ናት አልኳቸው።

ማክዳ ሰማች። ወዳጅ ከሆነችማ ብላ እጇን ዘረጋች። ማክዳ! እጇን! ጥንዚዛዋ ከእጇ አንጓ ተነሥታ እስከ ክርኗ ሄደች። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛለች፣ ዓይኗ ፈጧል፣ ግን አልጮኸችም። ዋንጂሩ ከልብስ ማስጫው ዘንድ ሆና ማክዳ፣ ማክዳ ብላ ተጣራች። ከዚያ ርቀት ምን እንደምትል አልሰማሁም። ተያት ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ደቂቃ እንዳይበላሽብኝ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ማክዳ ደነገጠች፣ ክንዷን በመዳፏ ጠረገች። ጥንዚዛዋ ተጨፈለቀች። ገደልኳት ብላ አለቀሰች፣ በዚያው እጇ ዓይኗን እያሸች። አይዞሽ፣ ሳታውቂ ነው አልኳት። ብስኩት ሰጠኋት።

ቢሆንም ነካች። ባለፈው ሳምንት ከቢራቢሮ ስትሸሽ የነበረች ልጅ። ለሰላም ደውዬ ነገርኳት፤ ድምፅህ ተለውጧል አለችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከሰ. 11፡00

ማክዳ ት/ቤት አልሄደችም። ቀኝ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ክንዷ ላይ እንደ አለንጋ ግርፋት ቀይ መስመር፣ ውሃ የቋጠረ። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ። ሊያ ናት የነገረችኝ፣ ከት/ቤት አውቶቡስ ወርዳ በራቸውን አንኳኩታ አይታለች። ሐኪም ቤት ወስደዋታል፤ ናይሮቢ ፍላይ ነው ተብሏል።

ከአንጓዋ እስከ ክርኗ።

ስልኬን አወጣሁ። ስሟ ፍላይ ይባል እንጂ ዝንብ አይደለችም። በዝናብ ወራት ትበዛለች፣ መብራት ትወዳለች። አትናከስም፣ አትናደፍም። ስትጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ ነው ቆዳ የሚያቃጥለው፣ ያውም ወዲያው ሳይሆን ቀን ቆይቶ። በዚያ እጅ ዓይን መንካት... ፎቶዋን አየሁት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሊያ ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም።

ዶ/ሩ ይድናል ብሏል፣ ጠብታ ሰጥቷል። ይድናል ብሏል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠ. 5፡00

ልነግራት ምግብ ቤቷ ሄድኩ። አልነገርኳትም።

ወ/ሮ አልማዝ ገና ሳልቀመጥ ሻይ አስቀዳችልኝ። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ዓይኗ የራሷም ቀልቷል። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጀመረች። «ይታይዎት፣ አቶ ደረጀ! መስኮት ከፍታ መብራት አብርታ ትታ፣ አሁን ዋንጂሩ በእርስዎ ታሳብባለች። እዚያ ከአትክልቱ ሥር ነው የነካት ትለኛለች። እንዴ! ስለ ነፍሳት የተማረ ሰው አጠገቧ ቆሞ? አባረርኳት።»

አራት ዓመት ያሳደገቻትን ሴት።

ይህን ስትል እኔን አምና ነው። ሻዩን ጠጣሁ። እግዚአብሔር ይማራት አልኩ። ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር አንድ ማታቱ ታክሲ ጡሩንባውን ነፋብኝ፣ ሾፌሩ በመስኮት ሰደበኝ። ልክ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከሰ. 10፡30

መቀመጥ አይሆንም። መቆምም። የማጉያ መነፅሮቹን በሙሉ ወልውዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። አወጣኋቸው። መልሼ ከተትኩ።

ዋንጂሩ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ተገናኘን፤ በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው የተጠቀለለ ፍራሽ። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። የማክዳ ዓይን ተከፈተ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ በቀስታ፣ እንዲገባኝ በእንግሊዝኛ። እኔ አላየሁም አልኳት። ማክዳን ለማየት እንኳ አልገባሁም። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ከዚያ ሊያን ይዤ ወደ ምዜ ካማው ወረድኩ። ያን ዕለት የነገሩኝን ይድገሙልኝ፣ አንቺ ተርጉሚ አልኳት። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይለውጡ ደገሙት መሰለኝ፤ አንገታቸውን ነኩ፣ ዓይናቸውን ነኩ።

«አትጨፍልቃት ነው የሚሉህ» አለች ሊያ። «ካረፈችብህ እፍ በላት። ከተጨፈለቀች ቶሎ በሳሙና ታጠብ፣ ዓይንህን አትንካ። ልጆቹንም ንገራቸው።» ከዚያ ዞራ አየችኝ። «አባ፣ ነግረውህ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ሳዋ።»

ሊያ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር፤ ሽማግሌውም ሆኑ እሷ። ለልጅ አላውቅም ማለት የሚቀለኝ ሰው፣ ለአንድ አትክልተኛ አልገባኝም ማለት አቃተኝ። ይኸው ነው ነገሩ፣ ሌላ ምክንያት አትፈልግልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ጠ. 3፡40

ነገርኳት። ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ። ከተቀመጥኩ እንደ ማክሰኞው ሻይ ጠጥቼ እንደምወጣ ስለማውቅ፣ ቆሜ።

«ወ/ሮ አልማዝ፣ ዋንጂሩ እውነቷን ነው። እኔ ነኝ።»

ቢላዋው አልቆመም። «ምኑን ነው እርስዎ?»

«ጥንዚዛዋ በማክዳ ክንድ ላይ የሄደችው እኔው ፊት ነው። ወዳጅ ናት አልኳቸው። ዋንጂሩ ተጣርታ ነበር፤ ተያት ብያት ነው።»

ቢላዋው ቆመ።

«ማክሰኞ እዚህ ነበርክ» አለች። «ሻዬን እየጠጣህ። በአንተ አምኜ ሰው አባረርኩ ስልህ ዝም ብለህ ሰማኸኝ?»

አንተ አለችኝ። እስከ ዛሬ እርስዎ እንጂ ሌላ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«አዎ» አልኩ።

«ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ቀለለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልቀለለኝም።

በዚያው ቀን፣ ከሰ. 9፡00። የጊቢው ዋትሳፕ ሞልቷል። ከእንግዲህ አትክልቱ ዘንድ ልጅ መሰብሰብ ክልክል ነው። አንዱ፣ ሰውየው ሥራ ስለሌለው ነው ብሎ ጽፏል። ሊያ ከትከሻዬ በላይ አንብባዋለች። ስልኩን ወስዳ ሶፋው ትራስ ሥር ደበቀችብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ጠ. 4፡00

ዛሬ የለም። ብራያንና ሌሎቹ ግን መጡ፣ ጠርሙሶቻቸውን ይዘው። የለም አልኳቸው። ለምን አሉኝ። ወላጆቻችሁን ጠይቁ አልኩ፤ ፈሪ መልስ። በሩን ዘጋሁ። በረንዳ፣ ሳሎን፣ ኩሽና።

ወሬ በሊያ በኩል፦ ወ/ሮ አልማዝ ሐሙስ ለዋንጂሩ ደውላለች። ዋንጂሩ ወዲያው አልተመለሰችም። አስቤ እነግርሻለሁ አለቻት፣ አንድ ቀን አሳድራ ትናንት መጣች፣ እሑድ እሑድ ሙሉ ዕረፍት ካገኘሁ ብላ። ተስማሙ። ጎበዝ ዋንጂሩ!

ሁለተኛ ወሬ፦ የማክዳ ዓይን በግማሽ ተከፍቷል። ክንዷ እየጠቆረ ነው፣ ጠባሳው ቀስ ብሎ ይለቃል ተብሏል።

ሦስተኛውን ሊያ ጫማዋን ስታወልቅ ነው የነገረችኝ። ማክዳ ጥንዚዛዋ ያቃጠለቻት ስለገደለቻት ነው ብላ ታስባለች። ሕግ አፍርሻለሁ፣ ስለዚህ ተቀጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ስታስብ ነበር። ለእናቷ አልተናገረችም። ለሊያ ብቻ።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካልነካኸው አይነካህም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከሰ. 11፡15

ሦስት ጊዜ መንገዱን ተሻግሬ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ፤ ደፍ ላይ ቆሜ ማክዳን ላነጋግራት አልኩ። ወ/ሮ አልማዝ በአገጯ ወደ ጥግ ጠረጴዛ አመለከተች። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ዓይኗ ዙሪያው ተልጧል።

«ማክዳ፣ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

«ለምን?»

«ስለ ጥንዚዛዋ ሁሉን የማውቅ አስመሰልኩ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ።»

አሰበች። «ስለ ጉንዳኑ አላውቅም ብለህ የለ እንዴ?»

«ያን ቀን ደህና ሰው ነበርኩ።»

እርሳሷን ነከሰች። «ስለገደልኳት አይደለም?»

«አይደለም። ስትጨፈለቅ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይወጣታል፣ በቃ። ማንንም አትቀጣም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«ባድ ገርል አይደለሁም?»

«ኧረ አይደለሽም።»

ፎቶዋን አሳየኝ አለች። ስልኬን ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠጋችው። ረጅም ጊዜ አየቻት። ቆንጆ ናት፣ ግን ሁለተኛ አልነካትም አለች። ማየት ብቻ ይበቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይበቃል አልኳት፤ ዋናው እሱ ነው።

ልወጣ ስል ወ/ሮ አልማዝ ከባንኮኒው ኋላ ተናገረች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «የሚያቃጥለውን ለማየት አገር ይሰበሰባል። እኔ በምግብ ቤቴ ጓሮ ዝንብ ተቸግሬ የሚያጠናልኝ የለም። ኅዳር ሚካኤል ዕለት እንደ አገራችን ቆሻሻውን አቃጥዬ አጥነዋለሁ።»

ከማጠንሽ በፊት ከየት እንደሚመጣ ልጆቹ ይዩልሽ አልኳት። አንቺ አልኳት! ከአፌ አመለጠኝ። እሷ ግን ሁኔታዋን ዘረዘረች፦ ቅዳሜ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ እሷ ባለችበት። ሳሙናና ውሃ ከአጠገባቸው እንዳይርቅ። የሁሉም ልጅ እናት አስቀድማ እንድታውቅ።

ይቅር አላለችኝም። አልጠየቅኳትም ለካ! ተመልሼ ይቅርታ አልኳት። እሺ፣ ሂድ አሁን፣ ደንበኛ መጣ አለችኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ጠ. 5፡20

ሰላም ትናንት ገባች። ሁሉን ነገርኳት፣ ሻይውንም ጨምሬ። ዋትሳፑ ላይ ሥራ ስለሌለው ነው ያለውን ሰውዬ ስሙን ንገረኝ አለች። አልነገርኳትም። ሳቀች፤ ከዚያ ግን ከልቧ ጠየቀችኝ፣ ማክሰኞ ለምን ዝም አልክ? ወ/ሮ አልማዝ የተማረ ሰው ብላ ስትጠራኝ ደስ ብሎኝ ነበር አልኳት። ሦስት ዓመት ማንም እንደዚያ ብሎ አልጠራኝም። እጄን ያዘችኝ፣ ግን ትክክል ነህ አላለችኝም።

ለነገ፦ የእናቶቹን ቤት ዞሬ አንኳኳሁ። አራቱ እሺ፣ አንዷ እምቢ። የብራያን አባት ራሱ እመጣለሁ አለ። ወ/ሮ አልማዝ ዛሬ ከሚካኤል መልስ ቆሻሻውን ሳታቃጥል ቀረች፤ እስከ ነገ ታግሻለሁ ብላለች። ምዜ ካማው ከሁሉ በፊት የማይነካውን ለልጆቹ ይነግራሉ፣ ሊያ ትተረጉምልኛለች። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። ታዲያ ለምንድን ነው ከጠዋት ጀምሮ ሳሎን፣ በረንዳ፣ ሳሎን የምለው?

አውቄዋለሁ። ከበረንዳው ቁልቁል ስታይ የልብስ ማስጫው ይታያል። ዋንጂሩ አንሶላ እያሰጣች ነው። ለእናቲቱ ነገርኩ፣ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሚስቴ አወቀች። ፍራሿን ተሸክማ ከጊቢ የወጣችውን ሴት ግን አንድ ቃል አላልኳትም። ማንም አላላትም። በደረጃው ስንተላለፍ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ሳዋ እያልኩ አልፋለሁ።

ሊያን ውረጂና ተርጉሚልኝ ብያት ነበር። ዛሬ ት/ቤት የላትም። እምቢ አለችኝ። ይሄን ራስህ በል፣ እሷ እኮ እንግሊዝኛ ትሰማለች አለች። ግን በራሷ ቋንቋ ልላት እፈልጋለሁ። ሁለት ቃል አስጠናችኝ፤ ኒሳሜሄ፣ ይቅር በይኝ። ኒሊኮሴያ፣ አጠፋሁ። ሁለተኛው አፌ ላይ ይሰናከላል። ሊያ አምስት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ልክ አልመጣም። ሳታርመኝ ተወችኝ፤ ይገባታል አለች።

ብቻዋን ናት። የመጨረሻውን አንሶላ አነሣች። ስትጨርስ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ በር ማንኳኳት ሊኖርብኝ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰበብ አገኛለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። አሁን ነው የምወርደው። ጫማዬ የት አለ? ይኸው። ወረድኩ።